ፍሎሬንስ ናይቲንጌል፤ ያስታመመችና የመረመረች ነርስ

ሕሙማንን ማስታመም ርኅራኄ ላለው ሰው ሁሉ የተሰጠ ሥራ ነው። በሽተኛው ለምን እንደ ሞተ መርምሮ ሌላው እንዳይሞት ማድረግ ግን ርኅራኄና ዕውቀት በአንድነት ሲገኙ ብቻ የሚፈጸም ነው። ሁለቱን አስተባብራ በመሥራት ስመ ጥር የሆነች ሴት ፍሎሬንስ ናይቲንጌል ናት። በታሪኳ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎሬንስ ከሀብታም እንግሊዛውያን ወላጆች በሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም የከተማዪቱ ስም ነው። አባቷ ቋንቋና ታሪክ በቤት አስተማሯት፤ እርሷ ግን ሒሳብን አጥብቃ ትወድ ነበር። ነርስ ለመሆን እንደምትፈልግ ባስታወቀች ጊዜ ቤተ ሰቦችዋ ተቃወሟት፤ በዚያ ዘመን ማስታመም የተናቀ ሥራ ነበርና። ቢሆንም ዓመታት ታግሣ በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ተማረች፤ በ1853ም በለንደን የአንድ አነስተኛ የሕሙማን ቤት ኃላፊ ሆነች።

በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ነርሶች አስከትላ በቱርክ አገር በእስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሄደች። ቤቱ በቆሻሻ ቦይ ላይ የተሠራ፥ አየሩ የታፈነ፥ በቁስለኛና በበሽተኛ የተጨናነቀ ነበር። ፍሎሬንስ ልብሱን አሳጠበች፤ ምግቡን አሻሻለች፤ ሌሊትም ፋኖስ ይዛ በየአልጋው እየተዘዋወረች ሕሙማኑን ትጎበኝ ነበር። ዓለም አብዝቶ የሚያውቃት በዚህ ፋኖስ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድካም በመጀመሪያዎቹ የብርድ ወራት ሞቱን ሊያቆመው አልቻለም። በማርች 1855 ከእንግሊዝ አገር የተላኩ የንጽሕና መርማሪዎች ቦዩን አስጠርገው ንጹሕ አየር እንዲገባ ካደረጉ በኋላ ግን የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ ሕዝቡ በክብር ሊቀበላት ተዘጋጅቶ ነበር። እርሷ ግን ውዳሴውን ሸሽታ በስውር ገባች፤ ከዚያም ዊልያም ፋር ከተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ ጋር የሟቾቹን መዝገብ ትመረምር ጀመር። ቁጥሩ የገለጸው ነገር መራራ ነበር። ወታደሮቹን የፈጃቸው ከጥይት ይልቅ በሽታ ነው፤ ከሆስፒታሎቹም ሁሉ ሞት የበረታበት እርሷ ራሷ የደከመችበት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም እንደሚባለው፥ መዝገቡን ብትሸሽገው ኖሮ ስሟ ባልተነካ፥ ሌሎች ወታደሮች ግን በሞቱ ነበር። እርሷ ግን እውነቱ እንዲታወቅ ተከራከረች። በ1858 የየወሩን ሞት፥ ከመካከሉ ወደ ዳር እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ ባለ ክብ ሥዕል አሳየች፤ ቁጥር የሚሰለቸው ባለሥልጣን እንኳ በዓይኑ አይቶ እንዲረዳው ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የስታትስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዪቱ ሴት አባል ሆነች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ሕመም ቢጸናባትም ብዙ ዓመታት በአልጋ ላይ ሆና ስትጽፍ ኖራ በ1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለጂንካ ልጆች ሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በከተማችን የማርበርግ በሽታ በተገኘ ጊዜ የጤና ሠራተኞች ሕመምተኛውን ከመርዳት ጋር ማን ከማን ጋር እንደ ተነካካ እየጠየቁ ስም በስም ይመዘግቡ ነበር። ለበሽታው የተፈቀደ ክትባት ስላልነበረ መዝገቡ ራሱ እንደ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

እንግዲህ ነርስ ለመሆን የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሒሳብን አትናቁ። በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ አንድ ዓይነት ሕመም ከአንድ ቀበሌ ደጋግሞ ሲመጣ አይቶ ቢመዘግብ፥ ምክንያቱንም እስከ ውኃው ምንጭ ድረስ ሄዶ ቢመረምር፥ ያዳነው በፊቱ የተኛውን ሕመምተኛ ብቻ ሳይሆን ገና ያልታመመውን ጭምር ነው።