ዒዛና
ዒዛና እ.ኤ.አ. በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን የገዛ ንጉሥ ነበረ። አባቱ እለ ዐሚዳ ሲሞት ገና ልጅ ስለነበረ እናቱ በእንደራሴነት አስተዳደረች። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፣ በመንግሥቱ ሥራ ይረዳት ነበር። ዒዛና ከነገሠ በኋላ ክርስትናን ተቀበለ። በአገራችን ትውፊት እሱና ወንድሙ ሳይዛና አብርሃና አጽብሃ ይባላሉ።

ስለ ዒዛና ብዙ የምናውቀው ራሱ በድንጋይ ካስጻፈው ነው። ቤጃዎች ባመፁ ጊዜ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን አዘመተ። በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ግን ስለ ውጊያው ብዙ አይናገርም፤ የሚዘረዝረው ለተማረኩት የተሰጠውን ነው። ስድስት ነገሥታት ከ4,400 ሰዎች ጋር ወደ አክሱም ሲጓዙ ለአራት ወር በየቀኑ 22,000 ዳቦ ይሰጣቸው ነበር፤ ሲካፈል ለአንድ ሰው አምስት ይደርሳል። ሥጋ፣ ጠላና የወይን ጠጅም ነበራቸው። ሲደርሱ ልብስ ለበሱ፣ አዲስ መሬት ተሰጣቸው፣ 25,140 ከብትም ተጨመረላቸው። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ከአገራቸው ተነቅለው መስፈራቸውም በዚያው ጽሑፍ እንደ ቸርነት ተቆጥሯል።

የሮም ቄሣሮች ቸርነታቸውን የሚያሳዩት በሳንቲም ነበር። በኔሮን ዘመን በወጣ የመዳብ ቅይጥ ሳንቲም ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለ መድረክ ተቀምጦ ለሕዝቡ ገንዘብ ሲታደል ይታያል። በሌሎች ላይ ቸርነት የመቁጠሪያ ሰሌዳና ፍሬ የሞላበት ቀንድ በያዘች ሴት ተመስላለች።

አክሱም ሳንቲም ማውጣት የጀመረችው ከዒዛና በፊት በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። በዒዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ላይ ፀሐይና ጨረቃ ነበሩ፤ ከተጠመቀ በኋላ መስቀል ተተካባቸው። መስቀልን በሳንቲም ላይ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። በወርቁ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የስንዴ ዛላ ተከቧል። ወርቁ በአብዛኛው ለውጭ ንግድ ሲሆን ነሐሱ በአገር ውስጥ ገበያ ይዘዋወር ነበር።

በዒዛና የመጨረሻ ዓመታት ወይም ከእሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደወጡ የሚገመቱ፣ የንጉሥ ስም የሌለባቸው የነሐስ ሳንቲሞች አሉ። በመስቀሉ ዙሪያ ሳንቲሙ አገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ ጽሑፍ በግሪክኛ ሰፍሮባቸዋል። የሚታደል ገንዘብ የሚያሳይ ሥዕል የለም፤ ቸርነቱ በቃል ብቻ ነው፣ ያውም የገበያው ሰው በማይናገረው ቋንቋ። እንደ አርማሕ ያሉ የኋላ ነገሥታት ግን ለሕዝብ ደስታና ሰላም የሚመኙ ቃላትን በነሐሱ ላይ በግዕዝ አስጽፈዋል።