ተረትን ለመድረክ ያበቁት ሰው

ተረት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ምድጃ ዳር ተቀምጠን ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ያው ተረት መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ቤተ መንግሥትን ሊያስቆጣ ይችላል። ይህን በሥራቸው ያሳዩን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ገና ለጋ ልጅ ሳሉ ወደ ዓድዋ ዘመቱ። ከዚያም ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ በአውሮፓ የቴአትርን ጥበብ አወቁ።

አገራቸው ሲመለሱ በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚታየው ነገር ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። ታዲያ ነቅፈው ብቻ አልቀሩም፤ ብዕራቸውን አነሡ። እንደ ላ ፎንቴን ያሉ ደራስያን የጻፏቸውን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ደረሱ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ መድረክ ላይ የዋለው ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው።

ነገርየው ሳቅ ብቻ አልነበረም። በአውሬዎቹ ስም የተተቸው የዘመኑ ብልሹ አስተዳደር ነበር። ተረቱን ብቻውን የሚያነብ ሰው ለብቻው ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ በአዳራሽ ተሰብስቦ የሚያይ ግን አብሮ ይስቃል፣ ማን እንደተነካም አብሮ ያውቃል። መሳፍንቱም ይህ ገባቸውና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ቴአትር እንደገና ያንሠራራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ነው፤ ያንጊዜ ከደከሙለት አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ መምህር ነበሩ።

ተክለ ሐዋርያት በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ አልተወሰኑም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። ፋሺስት ኢጣሊያ ልትወር ስትነሣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈዋል፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ልጃቸው ግርማቸውም «አርአያ» በተባለው ልብ ወለዳቸው የአባታቸውን ፈለግ ተከትለዋል።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን፣ ከእኚህ ሰው የምንማረው አለ። አንድ ታሪክ በቃል ሲነገር፣ በጽሑፍ ሲነበብና በትዕይንት ሲቀርብ ጉልበቱ አንድ አይደለም። ክፍል ስንገባ ምን እንደምናስተምር ብቻ ሳይሆን በየትኛው መንገድ እንደምናቀርበውም አስቀድመን እናስብ። ተማሪው አንብቦት ያልገባውን ተረት ራሱ ሲጫወተው ሊገባው ይችላልና!