እቴጌ ጣይቱ፦ ከደብረ መዊ እስከ ፒያሳው በረንዳ

ፒያሳ ሄዳችሁ ጣይቱ ሆቴል በረንዳ ላይ ፎቶ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ። ግን ሆቴሉን ያሠሩት እቴጌ ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚሁ እኛ ጋ፣ ጎጃም ውስጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አባታቸው ራስ ብጡል ሲሞቱ እናታቸው ጎጃም አገቡ። ጣይቱም ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደብረ መዊ አደጉ። ግዕዝ ተማሩ፣ በገናም ደረደሩ።

በ1875 ዓ.ም ምኒልክን አገቡ። ያኔ ቤተ መንግሥቱ ብርዳሙ እንጦጦ ላይ ነበር። ጣይቱ ግን ፍልውሃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም እዚያ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከተማችን የተጀመረችው በአንዲት ሴት የቤት ምርጫ ነው ብንል አላጋነንም።

በዓድዋ ዘመቻ መቀሌ ላይ የጠላትን ውሃ በማስያዝ ስማቸው ገነነ። ከዚያ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴሉን ከፈቱ። ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር በነበረበት ዘመን መጀመሪያ ላይ ደፍሮ የሚገባ ጠፍቶ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው ሂሳብ ከፈሉ፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ለመደ።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ባንጋሎ የሚባል ቤት ፋሽን ሆኖ ነበር። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ባብዛኛው አንድ ፎቅ፣ ከፊቱ ሰፊ በረንዳ። ብዙ ወጪ የለውም፣ ደረጃ መውጣት የለም፣ ጎረቤት ሲያልፍ ሰላም ይባባላሉ። ስሙ የመጣው ከህንዷ ቤንጋል ነው። የምኒልክን አዲስ አበባ ከገነቡት መካከልም ህንዶችና አርመኖች ነበሩበት። ጣይቱ ሆቴል ፎቅ ስለሆነ ባንጋሎ አይባልም፤ በረንዳው ግን ያው ነው፦ ከቤት ሳይወጡ ከመንገዱ ጋር መኖር።

መጨረሻቸው ግን ያሳዝናል። ምኒልክ ሲታመሙ ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ ተብለው በ1902 ዓ.ም ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። ባላቸው ሲሞቱ ደግሞ ትተውት ወደወረዱት እንጦጦ ተመልሰው እንዲኖሩ ተደረገ። ከተማቸውን ከላይ እያዩ በየካቲት 1910 ዓ.ም አረፉ።

ሆቴሉ በ2007 ዓ.ም እሳት ደርሶበት ተርፏል። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ስትፈርስ ግን ብዙ ባለበረንዳ ቤቶች አብረው ሄደዋል። እስቲ እናንተ ሰፈር የቀረ አሮጌ በረንዳ ካለ ሳይፈርስ ፎቶ አንሱት። አያቶቻችሁንም ማን እንዳሠራው ጠይቋቸው።