ዶክተር አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

እንዶድ ሳሙና ከመምጣቱ አስቀድሞ በአገራችን ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። ሕያዋኑን በእንዶድ አረፋ ቢፈትኗቸው እነርሱም ሞቱ። የቀረው ዘመናቸው በአብዛኛው ለዚህች ፍሬ ዋለ።

የመድኃኒት ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባዋል። እንዶድ በበሽተኛው ደም ውስጥ ያለውን ትል አይፈውስም፤ ትሉ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚራባበትን ቀንድ አውጣ ያጠፋል እንጂ። ገዳዩ በፍሬው የሚገኘው ሳፖኒን ሲሆን፣ ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ተቋም መሠረቱ። በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆነ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም የእንዶድ ተቀባይነት ለረጅም ዓመታት ዘገየ። የውጭ ተቋማት በዓለም አቀፍ መመዘኛ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥያቄው ከሙያ አንጻር ተገቢ ነበር። የሚያሳዝነው ምርመራውን ለማካሄድ የሚያስፈልገው ገንዘብና ላቦራቶሪ በጠያቂዎቹ እጅ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የእንዶድን ዝርያዎች አወዳድረው ብርቱውን ከመረጡት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ።