ኸርማን ፎቲንገር፦ የመርከብ መሐንዲስ፣ የመኪና ባለውለታ

ፍሪሲዮን ሲረግጥ ለኖረ ሾፌር ኦቶማቲክ መኪና ያስገርማል፤ ግራ እግሩ ሥራ ይፈታበታል። ያንን እግር ያሳረፈው ማነው ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ መኪና ሠሪ አይደለም። የመርከብ መሐንዲስ ነው፤ ስሙም ኸርማን ፎቲንገር ይባላል።

ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1877 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ተወለደ። ሙኒክ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሮ በ1899 ሽቴቲን በሚገኘው የቩልካን መርከብ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። በዚያን ጊዜ አዲስ የመጣው የእንፋሎት ተርባይን አንድ ጣጣ ነበረበት። ተርባይኑ በጣም መፍጠን ይወዳል፤ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ግን ቀስ ብሎ ካልዞረ አይሆንለትም። ታዲያ ማን ያስታርቃቸው? ፎቲንገር በውሃ አስታረቃቸው፤ በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ገንዳ ውሃ መቼም ቬንቲላተር የማያውቅ የለም። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁመን አንዱን ብቻ ብናበራው ነፋሱ ሌላውንም ያዞረዋል። በነፋስ ፈንታ ፈሳሽ እናድርግ፤ በመካከላቸውም የሚመለሰውን ፈሳሽ አቅጣጫ የሚያስይዝ ሦስተኛ ክንፍ እናቁም። ያኔ የሚዞረው ክፍል ፍጥነቱ ቢቀንስም የመጠምዘዝ ጉልበቱ ይበዛል። ቶርክ ኮንቨርተር የምንለው ይኸው ነው።

በ1913 የተሠራችው ኮኒጊን ሉዊዘ የተባለች መርከብ በዚህ መሣሪያ ሄዳለች። ግን ከጉልበቱ ከመቶ አሥር ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። የጥርስ ማርሽ ሥራ ሲሻሻል ብክነቱ በጣም ያነሰ ሆነና መርከቦቹን ወሰደበት።

ያችው ብክነት መኪና ውስጥም ተከትላ ገባች። ሞተሩ ከፍ ወዳለ ዙር እስኪወጣ የሚለቅ ልል ኮንቨርተር ቢመረጥ መኪናው ሲነሳ ይወረወራል። በረጅም ሜዳ ሲፈጥን ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጉልበቱ ሁሉ ጎማ ላይ አይደርስም፤ ዘይቱ ይግላል፣ ነዳጁ ያልቃል፣ የመጨረሻው ፍጥነትም ይቀንሳል። ጠበቅ ያለው ደግሞ ሲፈጥን ደህና ነው፤ ሲነሳ ይለግማል። በእኛ በኩል ነገሩ ይብሳል። ከዚህ ቆላ ተነስቶ በአይከል በኩል ጎንደር የሚወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ያው ኮንቨርተር ደጋ ላይ ሞተሩን ቆላ እንደለመደው ዙር አያስወጣውም። ሾፌሩ መኪናው ሰነፈ ይላል እንጂ ኮንቨርተሩን ማን ይጠረጥራል! መላው የተገኘው መኪናው ሲፈጥን ፈሳሹን ትቶ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ በሚቆልፍ ፍሪሲዮን ነው። ፓካርድ በ1949 ሠራው፤ በሰፊው የተለመደው ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ፎቲንገር ይህን አላየም። ከ1909 ጀምሮ ዳንዚግ፣ ከ1924 ጀምሮ በርሊን ፕሮፌሰር ሆኖ የፈሳሽን ጠባይ ሲያስተምር ኖረ። እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ስናነብ ደስ ማለቱ አልቀረም። በሚያዝያ 1945 ጦርነቱ በርሊን ከተማ ውስጥ ገብቶ ሳለ እዚያው ሞተ። ጀርመን እጇን የሰጠችው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩን ለብዙ ሰው በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የገጠመው የአሜሪካው ቢዩክ ሲሆን፣ ያም የ1948 ሞዴሉ ነበር።