የዛሬዋን ገጽ ብቻ፦ የአቡ ሩሚ ሕይወት

የሚነበበው፦ ዘጸአት 16፥13-21፤ ማቴዎስ 6፥25-34



አንድ ጊዜ ለሕክምና የመውጫ ፈቃድ አግኝቼ ከካምፕ ወደ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ያረፍኩት ሁርሊንግሃም፣ አንዲት የአገራችን እናት ቤት ነው። ቡና አፈሉልኝ። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውንም ጠጣሁ። ቡና እየጠጣሁ መሆኔን ያወቅሁት ግን በረካው ሲቀዳልኝ ነው። ሰውነቴ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ሐሳቤ ግን አንዴ ጥዬው በመጣሁት ቤት፣ አንዴ ፕሮሰሱ የት ደረሰ፣ አንዴ ስልኩ ለምን አልጮኸም እያለ ይዞራል። እትዬ ይሄን አይተዋል። አልገሠጹኝም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ ሙሉውን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ካወቅሁ ወዲህ ግን ብዙ ሌሊት ረድቶኛልና እናንተም ስሙት።

ሰውየው አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃም የሚሉትም አሉ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1750 አካባቢ ነው። ገና በጉልምስናው ከኢትዮጵያ ወጥቶ በባዕድ አገር ኖረ። ካይሮን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ አርመንን፣ ፋርስን አይቶ እስከ ሕንድ ደረሰ። እንደኛው፣ በየደረሰበት አዲስ ቋንቋ ለመስማትና አዲስ ደጅ ለማንኳኳት የተገደደ ሰው ነበር። በመጨረሻ ወደ ካይሮ ሲመለስ እርጅናውም መጥቷል፣ ታሞም ወደቀ። አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስታሞ አዳነው።

አስሊን ቋንቋ የሚወድ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት በአገራችን የሚነበቡት በግእዝ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚሰማው ሕዝብ ሙሉውን መጽሐፍ በቋንቋው አላገኘም። እናም ሁለቱ ሥራውን ጀመሩ። ማክሰኞና ቅዳሜ አስሊን ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ከአቡ ሩሚ ጋር ቁጭ ብለው ከዐረብኛው አንድ ቁጥር ያነባሉ፤ ቀስ ብለው፣ ልብ ብለው። ያልገባቸው ቃል ሲኖር የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የግሪኩን ይመለከታሉ። ከዚያ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቁጥር።

እንዲህ ሲሉ ዐሥር ዓመት ሄደ። ሥራው ሲያልቅ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ። እስቲ አስሉት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዐሥር ዓመት ሲሠራ፣ ለአንድ ቀን የሚደርሰው ዘጠኝ ገጽ ያህል ነው። መጀመሪያው ቀን ላይ ዘጠኝ ሺውን ገጽ አንድ ላይ ቢሸከመው ኖሮ ማን ይጀምረው ነበር? በእጁ የነበረው ግን የዚያች ማክሰኞ ገጽ ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙም አልቆየ፤ ካይሮ ላይ የቸነፈር በሽታ ገብቶ ሞተ። የደከመበትን መጽሐፍ ታትሞ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1820 የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1,250 ፓውንድ ገዛው። በ1824 አራቱ ወንጌላት፣ በ1829 አዲስ ኪዳን፣ በ1840 ሙሉው ታተመ። 

ወገኖቼ፣ የመና ታሪክ የሚያስተምረን ይሄንኑ ነው። እስራኤል በምድረ በዳ፣ በድንኳን ሳሉ፣ መናውን የሚለቅሙት ለዕለቱ ነበር። ለነገ ብሎ የደበቀው ሲነጋ ተልቶ አገኘው። የነገ ጭንቀትም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ብናከማቸው ይሸታል እንጂ ነገ አይጠቅመንም። ጌታችንም ለሚመጣው ቀን እንዳንጨነቅ የነገረን ምግብና ልብስ ለጎደላቸው ሰዎች እንጂ ለጠገቡ ብቻ አይደለም።

ይሄ ማለት ኬሳችሁን አትከታተሉ ማለት አይደለም። ዮሴፍ ለሰባት የረሃብ ዓመት እህል አከማችቷል። ማሰብ ሌላ፣ መብሰልሰል ሌላ። የሚሠራ ነገር ካለ፣ ስልክም ይደወል፣ ወረቀትም ይሞላ፤ ከተሠራ በኋላ ግን እንደ አስሊን ደጁን መዝጋት ነው። ደግሞ ያያችሁት ክፉ ነገር በሕልም እየመጣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ካላችሁ፣ ያ የእምነት ማነስ አይደለም። ለካምፑ ሐኪም ንገሩ፣ ለእኛም ንገሩን፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንሞክር። ውኃ ስንቀዳ ጄሪካኑ እስኪሞላ ድምፁን እንስማ። ልጃችን ሲያወራን ስልኩን እናስቀምጥና ፊቱን እንየው። ቡና ሲቀዳልን ከአቦሉ ጀምረን እንቅመስ። ሐሳብ ሄደ? ይሄዳል። ሳንቆጣ እንመልሰው፤ አቡ ሩሚ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው እንደተመለሰው።

ሁርሊንግሃም ያቺን በረካ እስከ ጭላጯ ጠጣሁ። ስልኩ ያን ቀን አልጮኸም። ቡናው ግን ጣፋጭ ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ነገን በእጅህ ያዝልን፤ ለዛሬ የሰጠኸንን ገጽ የምንጽፍበት ጸጥ ያለ ልብ ስጠን። አሜን።