ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የመንግሥት ሥርዐት

መንግሥት በምን ሥርዐት ቢቆም እንደሚጸና፥ በምንስ ምክንያት እንደሚደክም በአማርኛ አስፍተው ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አውራጃ ነው። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. ከንጉሣቸው ጋር መተማ ላይ ወደቁ። ሕፃኑ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ጥቂት ከፍ ሲሉ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ከነበረው ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በልጅነት ድፍረት ከምጽዋ ወደብ በመርከብ ተሳፍረው ኦስትሪያ ደረሱ፤ አንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብም ተቀብሎ እንደ ልጁ አሳደጋቸው። የጀርመንን ቋንቋ አጥንተው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በባዕድ አገር የተመቸ ኑሮ ያገኘ ሰው እዚያው መቅረት ይቀለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። አማርኛንም በሚገባ የተማሩት ከተመለሱ በኋላ መሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል።

በ1901 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክን ለማከም ለመጡት ጀርመናዊ ሐኪም አስተርጓሚ ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ታመው፥ መኳንንቱም ስለ አልጋው ወራሽ በየፊናው የሚመክርበት ዘመን ነበረ። የአንድ ሰው ጤና ሲናወጥ አገሩ ሁሉ እንደሚናወጥ በዓይናቸው አዩ። ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ስላልተስማሙም አገራቸውን ለቀው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ሱዳን ያን ጊዜ ከ1899 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በእንግሊዝና በግብጽ ስም፥ በእውነቱ ግን በእንግሊዞች እጅ ትተዳደር ነበር። ጠቅላይ ገዥው ካርቱም ተቀምጦ በየአውራጃው ሹማምንት ይልካል፤ ሹሙም የሚኖረው በደመወዙ እንጂ ከገበሬው በሚወስደው መስተንግዶ አልነበረም። ገብረ ሕይወት ይህን አሠራር በጥንቃቄ መረመሩ። የባዕድ አገዛዝ ባዕድ መሆኑን አልዘነጉም፤ የሥራውን ደንብ ግን ከገዥው ለይተው ማየት ቻሉ። ይህን መለየት ብዙ ሰው አይችለውም።

ከዚህ በኋላ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አስመራ ታተመ። በዚያም የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ እንዲለይ፥ ሹማምንት የተወሰነ ደመወዝ እንዲቀበሉ፥ ግብር ታውቆ በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ለሁሉ እኩል እንዲሆን፥ ትምህርት ቤት እንዲበዛ፥ በሃይማኖት ምክንያትም ማንም እንዳይገፋ አመለከቱ። ተስፋቸውን የጣሉት በልጅ ኢያሱ ላይ ነበር፤ ይህ ተስፋ ግን አልሠመረም። ምሳሌ ያደረጉትም በጥቂት ዓመታት ራሷን አድሳ ከታላላቆች የተቈጠረችውን ጃፓንን ነው። ሹሙ ከሕዝቡ እጅ ሲበላ በኖረበት አገር ይህን መጻፍ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሆነ ሆኖ መንግሥት አልናቃቸውም። አገር ቤት ተመልሰው ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሥራ ተመደቡ፤ ኋላም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ቀረጥ እየሰበሰቡ፥ ወደ ውጭ የሚወጣውን ቡናና ቆዳ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጨርቅና ብረታ ብረት ጋር እያነጻጸሩ ዋናውን መጽሐፋቸውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ጻፉ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ቀን ደክሞ የጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ፥ ዕውቀት የሌለውም ሕዝብ ነጻነቱ በስም ብቻ እንደሚቀር ማስረዳት ነው። ወታደር ገበሬውን እየበላ በሚኖርበት አገር ሀብት ሊከማች እንደማይችልም ገልጸዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ። ጠቅላይ ገዥዎችና የአውራጃ ገዥዎች ከመንግሥት ግምጃ ቤት በተቈረጠ ደመወዝ እንዲያገለግሉ የደነገገው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ የወጣው በ1934 ዓ.ም.፥ እርሳቸው ካረፉ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።